ጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኝ የአንድ ቀን የኳንተም ፊዚክስ ጉባኤ፦ ለተማሪ አዘጋጆች

የሁለት ሰዓት መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን ውሰዱ። አንዱ ዘንድ የተጠመዱ አዮኖችን (በኤሌክትሪክ መስክ የተያዙ ነጠላ አቶሞችን) የሚያጠና ላብ፣ ማለትም ላቦራቶሪ፣ አለ። ሁለተኛው ዘንድ የስህተት ማረሚያ ኮድ የሚያሰላ ቡድን ይኖራል። ሦስተኛው ዘንድ ደግሞ ሱፐርኮንዳክተር ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ አሃድ) የሚሠራ ተማሪ ለብቻው ይታገላል። እነዚህ ሰዎች የሚተዋወቁት፣ ከተዋወቁም፣ አውሮፕላን ተሳፍረው በሄዱበት ትልቅ ጉባኤ ላይ ነው። ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የአንድ ቀን ስብሰባ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙም፣ ባጁም፣ የምሳው ጠረጴዛም መታቀድ ያለበት ሰዎቹ እንዲነጋገሩ ታስቦ ነው።

የሚከተለው ከ60 እስከ 80 ሰው ለሚገኝበትና የመመዝገቢያ ክፍያ ለሌለው ስብሰባ የተሰላ ነው። ቁጥሩ ከ100 ካለፈ ሥራው ተማሪ ከምርምሩ ጎን ለጎን የሚወጣው አይሆንም። ከ30 ካነሰ ደግሞ ሁሉም የራሱን ላብ ልጆች ከብቦ ይውላል።

ኮሚቴው እና ቀኑ

ከአምስት ወር በፊት ጀምሩ። ከየዩኒቨርሲቲው ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ከንድፈ ሐሳብ፣ ሌላው ከሙከራ ቢሆን ይመረጣል። ኮሚቴው በሙሉ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ከሆነ ፕሮግራሙ ሳይታወቅ ወደዚያው ያዘነብላል፤ የላብ ጉብኝትም የሚያስብ ይጠፋል። ከአባላቱ ቢያንስ ሁለቱ ለመመረቅ ገና ሁለት ዓመት የሚቀራቸው ይሁኑ። በመጀመሪያው ዓመት አምሮ የሠመረ ስብሰባ በሁለተኛው ዓመት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚያውቁት ሁሉ አብረው ስለተመረቁ ነው።

ሥራውን በአምስት ክፈሉት፦ አዳራሽ፣ ገንዘብ፣ ፕሮግራም፣ ምዝገባና መልእክት፣ የዕለቱ መስተንግዶ። ለእያንዳንዱ አንድ ኃላፊና አንድ ምትክ ይኑር። ምትኩ ለወግ አይደለም፤ ክሪዮስታቱ (የላቡ ማቀዝቀዣ) በተበላሸበት ወይም አማካሪው ረቂቅ በፈለገበት ሳምንት ኃላፊው ይሰወራል።

አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ መምህር ያስፈልጋችኋል። የምትፈልጉት ፊርማውን ነው፦ ለአዳራሽ ማስያዣ፣ ለገንዘብ መቀበያ ሒሳብ፣ ለእንግዶች መግቢያ ደብዳቤ። እነዚህን ሦስቱን በመጀመሪያው ቀን ዘርዝራችሁ ንገሩት። አንድ በአንድ እየመጣችሁ ስታስፈርሙ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የሁሉንም ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ጊዜ እዩ። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በየማርች የሚያደርገው ትልቅ ስብሰባ ብዙ የኳንተም ላቦችን ባዶ ስለሚያደርግ ያንን ሳምንትና የዋዜማውን ሳምንት ተዉት። ቅዳሜ ነፃ አዳራሽ ይገኛል፤ ግን ፕሮጀክተር ሲቆም የሚመጣ ቴክኒሻን የለም፣ በሮችም ይቆለፋሉ። ትምህርት የሚቀልበት የሥራ ቀን፣ በተለይ ዓርብ፣ ይሻላል።

ገንዘብ

ወጪው አራት ነገር ነው፦ ምሳና የሻይ እረፍት፣ የፖስተር ሰሌዳ ኪራይ፣ የተጋባዥ ተናጋሪ ጉዞ፣ ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎች ትራንስፖርት። ሙሉውን ከአንድ ቦታ ከመለመን ከየዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ ትምህርት ክፍል እኩል ድርሻ ጠይቁ። በደብዳቤው ላይ ከእነሱ ተማሪዎች ስንቱ እንደሚመጡ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውልና የመጨረሻው የመክፈያ ቀን መቼ እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ። እንደ ኦፕቲካ ያሉ የሙያ ማኅበራት የተማሪ ቅርንጫፍ ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ለእንዲህ ያለ ዝግጅት ድጋፍ የሚጠይቅበት መንገድ አለው። የመሣሪያ አቅራቢ ኩባንያ ሊደግፍ ከፈለገ ጠረጴዛ ስጡት፣ መድረክ ግን አትስጡት።

ተማሪ ከኪሱ ከፍሎ በኋላ እንዲመለስለት የሚያደርግ አሠራር ተዉ። ገንዘቡ ወራት ይፈጃል፤ የሌለው ተማሪም ዝም ብሎ ይቀራል። ቲኬቱን ወይም የጋራ መኪናውን ራሳችሁ አስቀድማችሁ ያዙ።

ጥሪው እና ምርጫው

ጥሪውን ከሦስት ወር በፊት አውጡ፤ አንድ ወር ክፍት ይሁን። ለየዩኒቨርሲቲው የጋራ ኢሜይል ብቻ መላክ አይሠራም፤ ማንም አያነበውም። በየግቢው ያሉት የኮሚቴ አባላት ለእያንዳንዱ የምርምር ቡድን አንድ ተማሪ ለይተው በስሙ ይጻፉለት። የኬሚስትሪ፣ የሒሳብ፣ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ክፍሎችን አትርሱ። ኳንተም ላይ የሚሠሩ ነገር ግን «የፊዚክስ ጥሪ» ሲባል የማይመለከታቸው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

የሥራው አጭር መግለጫ ከ150 ቃል አይብለጥ፤ ሦስት ነገር ይመልስ፦ ጥያቄው ምንድን ነው? ምን ተሠራ? ከታዳሚው ምን ዓይነት ሐሳብ ይፈለጋል? ሦስተኛውን ማንም አልለመደውም፤ ለምርጫ በጣም የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። «የመግነጢስ መስኩ መዋዠቅ (ኖይዝ) ምንጩን ማግኘት አቅቶናል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያለቀለት ውጤት ካለው ይልቅ ክፍሉን ያነጋግራል።

መጀመሪያ የመጣን መጀመሪያ አትቀበሉ። ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ለአስተናጋጁ ግቢ ስለሆነ ስምንቱም የአጭር ገለጻ ቦታ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ይሞላል። ማመልከቻዎቹን ስም ሸፍናችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ስሙን ገልጣችሁ ከየዩኒቨርሲቲው ቢያንስ ሁለት፣ ከአንድ የምርምር ቡድን ከአንድ የማይበልጥ ገለጻ እንዲኖር አስተካክሉ። የቀሩት ሁሉ ወደ ፖስተር ይሂዱ፤ «አልተመረጠም» የሚባል ሰው አይኑር።

የምዝገባው ቅጽ አጭር ይሁን፦ ባጁ ላይ የሚጻፈው ስም፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ንድፈ ሐሳብ ወይስ ሙከራ፣ የማይበሉት ምግብ፣ በደረጃ መውጣት ይቸግር እንደሆነ፣ ፎቶ መነሳት ይፈቅዱ እንደሆነ፣ የላብ ጉብኝት ይፈልጉ እንደሆነ። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ሰው ስለ ምን ቢጠይቅዎት ደስ ይልዎታል?» መልሱ ባጁ ላይ ይታተማል።

ነፃ በሆነ ስብሰባ ላይ ተመዝግቦ የሚቀር ሁልጊዜ አለ። ከአምስቱ አንዱ ይቀራል ብላችሁ አስቡና ምሳ እዘዙ። ከሳምንት በፊትና ከሁለት ቀን በፊት ማስታወሻ ላኩ፤ «አልመጣም» የምትል አንዲት ቁልፍ መልእክቱ ውስጥ ትኑር። ለመቅረት ደብዳቤ መጻፍ ካለበት ሰው ዝም ይላል።

የቀኑ አከፋፈል

ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 4፡00 ምዝገባ ነው፤ ከዚህ ቀድሞ መጀመር ከሩቅ የሚመጡትን ያስቀራል። መክፈቻው 10 ደቂቃ ብቻ ይሁን። በመክፈቻ የተጋበዘ ባለሥልጣን ያለ ጥርጥር 25 ደቂቃ ይናገራል፤ ስለዚህ አትጋብዙ።

ከ4፡10 እስከ 5፡00 ሁለት የማስተዋወቂያ ትምህርቶች ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ገለጻ ከ5 ደቂቃ ጥያቄ ጋር። አንዱ ላብ ገብቶ ለማያውቅ የሙከራ መግቢያ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ኪዩቢት እንዴት እንደሚነበብ። ሌላው ለሙከራ ሰዎች የሚሆን የንድፈ ሐሳብ መግቢያ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ የቀኑን ገለጻ ግማሹ ሰው አይከታተልም። ከዚያ የ30 ደቂቃ የሻይ እረፍት፣ ከ5፡30 እስከ 6፡30 አራት አጭር ገለጻ፣ ከዚያም እስከ 7፡45 ምሳ። ከ7፡45 እስከ 9፡00 ፖስተር፣ ከ9፡00 እስከ 10፡00 ሌሎች አራት ገለጻዎች፣ እንደገና 30 ደቂቃ እረፍት፣ ከ10፡30 እስከ 11፡10 ተጋባዥ ተናጋሪ፣ እስከ 11፡30 መዝጊያ።

ደምሩት፦ መክፈቻና መዝጊያው ሳይቆጠር መድረክ ላይ የሚነገረው 3 ሰዓት ተኩል፣ ምሳው፣ እረፍቱና ፖስተሩም 3 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ሚዛን ጠብቁ። «አንድ ገለጻ ብንጨምርስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ የሚቀነሰው ምንጊዜም ከእረፍቱ ነውና እምቢ በሉ። ፖስተሩ ከምሳ በኋላ የሆነው ሰው ቆሞ ስለማይተኛ ነው። ፖስተር አቅራቢዎች አንድ በአንድ ወጥተው ለአንድ ደቂቃ የሚያስተዋውቁበትን ልማድ ብንተወው ይሻላል፤ 20 ሰው ሲሆን በመቀያየር ብቻ ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ የሚታወስም ነገር አይተርፍም።

አጭር ገለጻ 12 ደቂቃ ከ3 ደቂቃ ጥያቄ ጋር ነው። መድረክ መሪው ከፊት ረድፍ ተቀምጦ 3፣ 1 እና 0 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ይያዝ፤ 0 ሲደርስ ብድግ ይበል። ተቀምጦ ወረቀት ማውለብለብ አይሠራም፤ ቆሞ ጎኑ የደረሰ ሰው ግን ንግግር ያስቆማል። ለእያንዳንዱ ገለጻ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ የመጀመሪያው ዝምታ ተናጋሪውን ያሸማቅቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ የተማሪ ነው የሚለው ደንብ መክፈቻው ላይ ይነገር። መምህራን ከቀደሙ ውይይቱ በሁለት ፕሮፌሰሮች መካከል ያልቃል። ተናጋሪ ከቀረ ቀጣዮቹን ወደፊት አትሳቡ፤ ለአንድ ገለጻ ብሎ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ያመልጠዋል። ክፍተቱን ለጥያቄ አውሉት።

ተናጋሪዎች የሚላክላቸው አንድ ገጽ

የኳንተም ሰዎች አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ይመስላቸዋል። አይናገሩም። ለተናጋሪዎች ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ገጽ ላኩና የሚከተሉትን በስላይዳቸው ላይ በግልጽ እንዲጽፉ ጠይቁ።

ድግግሞሽ ሲሰጡ በሄርዝ ነው ወይስ በራዲያን በሴኮንድ? የሙከራ ሰው «የትስስር ጥንካሬው 100 ሜጋሄርዝ ነው» ሲል ለሁለት ፓይ ያካፈለው ቁጥር ነው። የንድፈ ሐሳብ ሰው የፕላንክን ቋሚ ቁጥር (ħ) አንድ አድርጎ ስለሚሠራ ያንኑ ቁጥር ያለ ሁለት ፓይ ቀጥታ ቀመሩ ውስጥ ያስገባዋል፤ ውጤቱም 6.28 ጊዜ ይሳሳታል። ክርክሩ ሙሉ የጥያቄ ጊዜ ሊበላ ይችላል።

ፊደሊቲ (የተገኘው የኳንተም ሁኔታ ለተፈለገው ምን ያህል እንደሚቀርብ የሚለካ ቁጥር) ሲባል በካሬ የተወሰደው ነው ወይስ ያልተወሰደው? ሁለቱም ትርጓሜ ጽሑፎች ውስጥ አለ። ያለ ካሬ 0.99 የሆነው በካሬ 0.98 ይሆናል፤ ስህተቱ ከ1 ወደ 2 በመቶ ዘለለ ማለት ነው። ውጤት ለማነጻጸር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የኪዩቢቶች ቅደም ተከተል ከግራ ነው ወይስ ከቀኝ? ከኳንተም ፕሮግራም መጻፊያዎቹ ኪስኪት (Qiskit) ዜሮኛውን ኪዩቢት በቀኝ ጫፍ ይጽፋል፣ ሰርክ (Cirq) በግራ። በሁለቱ የተሠሩ ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ትክክለኛው ውጤት የተሳሳተ ይመስላል።

ሙቀትና ድግግሞሽን የሚያያይዝ አንድ መስመርም ይጨመር፦ 1 ኬልቪን ወደ 20.8 ጊጋሄርዝ ነው። ይህን የያዘ የንድፈ ሐሳብ ተማሪ 5 ጊጋሄርዝ ላይ የሚሠራ ኪዩቢት ከ240 ሚሊኬልቪን ጋር እኩል ጉልበት እንዳለውና ለምን በአሥርና በሃያ ሚሊኬልቪን እንደሚቀዘቅዝ ሳይጠይቅ ያየዋል።

የቀረው የተለመደው ነው፦ ፊደል ከ20 ነጥብ አይነስ፤ ግራፍ ላይ ቀይና አረንጓዴ ብቻ ተጠቅሞ መስመር መለየት አይቻልም፣ ቀለም የማይለይ ሰው አለና አንዱ መስመር የተቆራረጠ ይሁን። ስላይዱ በፒዲኤፍ ዋዜማውን ማታ ይላክ። ሁሉም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫን፤ ስምንት ሰው ኮምፒውተሩን ሲቀያይር በየተራው ሁለት ሁለት ደቂቃ ይጠፋል። ፒዲኤፍ ውስጥ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ አይጫወትምና ለብቻው ፋይል ይላክ።

ፖስተር

ሰሌዳውን ሳትለኩ መጠን አታውጁ። የኤ ዜሮ ወረቀት 841 በ1189 ሚሊሜትር ነው። ሰሌዳው አንድ ሜትር ስፋት ካለው ቁመቱ ወደ ላይ የሆነ ፖስተር ይገባል፤ አግድሙ ግን 19 ሴንቲሜትር ይተርፋል። ስለዚህ በጥሪው ላይ «ኤ ዜሮ፣ ቁመት ወደ ላይ» ብላችሁ ጻፉ። ትልቅ ማተሚያ ለማያገኝ ተማሪ 16 ኤ አራት ገጽ አንድ ኤ ዜሮ ይሞላል፤ በአራት ረድፍ አራት አራት አድርጎ መለጠፍ ይችላል። ይህንንም ጻፉለት፤ አለዚያ አይመጣም።

ሰሌዳው ሻካራ ጨርቅ የለበሰ ከሆነ ቬልክሮ፣ ፎም ወይም ቡሽ ከሆነ መርፌ፣ ግድግዳ ከሆነ ቀለም የማይልጥ ቴፕ ያስፈልጋል። በሰሌዳዎቹ መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይኑር፤ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ ሌላው እንዲያልፍ። ፖስተሮቹን ቁጥር ስጧቸው። በመጀመሪያዎቹ 35 ደቂቃዎች ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ይቆማሉ፣ ከዚያ ሙሉ ቁጥሮቹ። ይህ ካልተደረገ አቅራቢዎቹ የሌላውን ፖስተር ሳያዩ ይውላሉ። ተመሳሳይ ርዕሶችን አንድ ቦታ አትደርድሩ፤ የአዮን ሰው የአዮን ጥግ ይዞ ይቀራል።

የላብ ጉብኝት

ጉብኝቱን በምሳ ሰዓት ወይም ከመዝጊያ በኋላ አድርጉት፤ ቡድኑ ከ8 ሰው አይብለጥ፣ ቆይታውም ከ20 ደቂቃ። የላቡን ኃላፊ ከሁለት ወር በፊት ጠይቁ፤ በዚያ ቀን ረጅም ልኬት ካለ ይቅር። ሰው ኦፕቲካል ጠረጴዛ ዙሪያ ሲከበብ ንዝረቱና የክፍሉ ሙቀት ሌዘሩን ከተቆለፈበት ድግግሞሽ ያወጣዋል፤ የዋዜማው ልፋት በሙሉ ውኃ ይበላዋል።

ሌዘር ያለበት ክፍል ውስጥ መነጽሩ ለዚያ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆን አለበት። ለአንድ ቀለም የተሠራ መነጽር ሌላውን ያሳልፋል። ለ8 ሰው የሚበቃ ከሌለ ጨረሩ ይዘጋ እንጂ ሰው መነጽር እየተለዋወጠ አይግባ። ሰዓትና ቀለበት በር ላይ ይወለቅ፣ ብልጭታቸው ጨረር ይመልሳል። ኃይለኛ ማግኔት ካለ የልብ ምት መሣሪያ ያለበት ሰው እንዳይገባ በምዝገባው መልእክት ላይ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ በር ላይ በሰው ፊት መጠየቅ ነውር ነው። 1 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲተን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፤ በጠባብ ክፍል ኦክስጅንን ይገፋልና የኦክስጅን ማንቂያው የሚሠራ መሆኑ ይረጋገጥ። ናይትሮጅን ከጫነ ዕቃ ጋር አብሮ በሊፍት አይገባም።

ዳይሉሽን ሪፍሪጅሬተር (ኪዩቢቶችን እስከ ሚሊኬልቪን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ) እንዲከፈት አትጠይቁ። ለማቀዝቀዝ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ላቡ ያረጀ ወይም ለጥገና የሞቀ ካለው ወርቃማዎቹን ሰሌዳዎች ማየት የሚቻለው በሱ ነው።

ገና ያልታተመ ሥራ

ሰው ያልጨረሰውን ሥራ የሚያሳየው ሲተማመን ነው። በጎርደን የምርምር ጉባኤዎች ላይ የቆየ ደንብ አለ፦ የሚነገረው አይቀረጽም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ያለ ፈቃድ አይጠቀስም። ይህንኑ ውሰዱና መክፈቻው ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩት። የሥራዎቹን አጭር መግለጫ ለተመዘገቡት ብቻ ላኩ እንጂ በይፋ አትለጥፉ።

ፓተንት ሊወጣለት የሚችል መሣሪያ የያዘ ተማሪ ከአማካሪው ጋር ይነጋገር። በአውሮፓ ሕግ ማመልከቻ ሳይገባ በይፋ የተነገረ ፈጠራ አዲስነቱን ያጣል፤ በአሜሪካ ለፈጣሪው የአንድ ዓመት ጊዜ አለ። ስብሰባችሁ ትንሽ ቢሆንም ይፋ መናገር ነው። ሥራውን በቪዲዮ ለሩቅ ሰው ማስተላለፍም ከዚህ ጋር አይሄድም፤ ደግሞም አንድ ካሜራና አንድ ማይክ ብቻ ይዞ መተላለፉ ክፍሉ ያለውን ሰው ያውካል፣ የሩቁንም አያረካም።

በዕለቱ

ባጁን በሁለቱም ገጽ አትሙ። በክር የተንጠለጠለ ባጅ ይገለበጣል፤ ግማሹ ሰው ቀኑን በነጭ ወረቀት ያሳልፋል። ስሙ ከሁለት ሜትር የሚነበብ ይሁን፣ ከስሩ «ስለ ... ጠይቁኝ» የሚለው መስመር፣ ጥግ ላይ ለንድፈ ሐሳብና ለሙከራ የተለያየ ቅርጽ። የምሳ ጠረጴዛ ቁጥርም ይኑረው፤ በስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ሦስቱም ዩኒቨርሲቲዎች ይገናኙ። የተመደበ ቦታ የሚጠላ ሰው አለ፤ ግን ሳይመደብ ሁሉም ከአብሮ አደጉ ጋር ይቀመጣል። ከበላ በኋላ የፈለገበት ይሂድ።

ከአንድ ሰዓት ቀድማችሁ ፕሮጀክተሩን ሞክሩ፤ ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ ሲ አስማሚ፣ የክሊከር መለዋወጫ ባትሪ፣ ማራዘሚያ ገመድ በአንድ ሳጥን ይኑር። ማሳያው ትልቅ ቴሌቪዥን ከሆነ የሌዘር ጠቋሚ ነጥብ እምብዛም አይታይበትም፤ ተናጋሪው በማውስ ይጠቁም። ጥያቄ ጠያቂ ማይክ ካልደረሰው ተናጋሪው ጥያቄውን ደግሞ ይናገር። ችግር ወይም ትንኮሳ የሚነገራቸው ሁለት ሰዎች፣ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ስማቸው በመክፈቻውና በባጁ ጀርባ ይገለጽ።

የግምገማ ቅጹ አራት ጥያቄ ይሁን፤ ከመዝጊያው በፊት እዚያው ተቀምጠው ይሙሉት። ማታ በኢሜይል የተላከ ቅጽ አይመለስም። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ዛሬ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ከማን ጋር ልትጻጻፉ ተስማማችሁ?» ይሁን። ስም መጻፍ የማይፈልግ ቁጥር ይጻፍ።

ቀጣዩን አስተናጋጅ መዝጊያው ላይ በስሙ አስታውቁ። ፋይሎቹ በማንም ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ሒሳብ ላይ አይቀመጡ፤ ሲመረቅ ሒሳቡ ይዘጋል፣ አቃፊውም አብሮ ይሄዳል። ለስብሰባው ብቻ የተከፈተ ኢሜይል አድርጉና ሁለት ሰው የይለፍ ቃሉን ይያዝ። በአቃፊው ውስጥ የሚገባው የደብዳቤዎቹ ቅጂ፣ የባጁ ፋይል፣ የወጪ ሰንጠረዥ፣ የአዳራሹ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ምሳ የታዘዘላቸውና በእርግጥ የመጡት ሰዎች ቁጥር ነው።